የላይኛው ማጠፊያ

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ለጉንዳኗ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ እንዲህ ስለተንጋደደ ይቅር በይኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ዕቃ ተከምሮበት ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። በስልክ ብንነጋገር ይቀል ነበር፤ ግን አንቺ ልክ ነሽ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እማዬ ጆሮዋን ስለምትቀስር ስለ እሷ አንዲት ቃል መተንፈስ አይቻልም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን። ከዚህ ወደ እናንተ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር ወዳጄ ነው፤ ያንቺንም የኔንም ያደርስልናል።

ስለ በሩ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ይጠገናል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለች መኪና በሯ ወረደ ተብሎ አትጣልም። ወረደ ተብሎ የሚጣል ቢሆንማ እኛስ ስንታችን እንተርፋለን። መጀመሪያ ግን ምርመራ። የተሳፋሪውን የፊት በር በግማሽ ክፈቺው። መቆለፊያው ያለበትን ጫፍ በሁለት እጅሽ ያዢና ወደ ላይ አንሺው፤ ዐይንሽ ግን ማጠፊያዎቹ ላይ ይሁን። ሁለት ናቸው፣ የላይኛውና የታችኛው። በእያንዳንዱ መሐል እንደ ጣት ያለ ብረት አለ፤ ፒን እንለዋለን፤ በሩ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ፒኑን የሚያቅፈው ቀለበት ቡሽ ይባላል። በሩን ስታነሺ ፒኑ ቀለበቱ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ያለቁት እነሱ ናቸው። ሥዕሉን ከወረቀቱ ጀርባ ታገኚዋለሽ።

የላይኛው ከሆነ (ሁልጊዜ እሱ ነው) እንዲህ አድርጊ። በሩን ከሥሩ በክሪክ ደግፊው። በክሪኩና በበሩ መካከል ጣውላና የታጠፈ ብርድ ልብስ ይግባ፤ ይህን አደራ እልሻለሁ፣ ክሪክ ይንሸራተታል። ፒኑን ዘይት አጠጪና አሳድሪው። በማግስቱ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያልሽ በመዶሻ ምቺው፤ ይወጣል። እሱን ላኪልኝ፤ እዚህ ቶርኖ ቤት ልኩን አስቀርጬ እመልስልሻለሁ። ማጠፊያው ከመኪናው አካል ጋር የታሠረባቸውን ብሎኖች ግን አትንኪ። የበሩ ልክ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እነሱ ከተፈቱ በሩ ቤቱን አያገኝም።

እማዬ በሩ ካልተሠራ ወደ እግር ሕክምናዋ አልሄድም ማለቷን ጽፈሽልኛል። ለምን እንዳለች ግን አልጻፍሽም። ሐኪሙ የሰጣት ሦስት ወር ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች ካልሠራች እግሯ እንደዚያው ይቀራል ብሏል። ለጉልበት ሕመም ይህ ሁሉ ጥብቅነት ገርሞኛል። አሁን ስንተኛው ሳምንት ላይ ናችሁ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 21 ቀን

ወንድምዓለም፣

ከራስ ፀጉርህ ብዬ እንዳልጀምር ፀጉሩ ከሄደ ቆይቷል፤ ከመላጣህ እስከ እግር ጥፍርህ ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለማንበብ ግን መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌያለሁ። ጉልበትህ ላይ ሳይሆን ግመል ላይ ተቀምጠህ የጻፍከው ነው የሚመስለው።

አራተኛው ሳምንት ላይ ነን። አንድ ቀን በታክሲ ወስጃት ነበር። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ በብብቷ ገብቶ አንስቶ አስቀመጣት። ቤት ስንመለስ ግን «ሁለተኛ እንደ ጆንያ አልጫንም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የራሷ መኪና በሩ ካልተሠራ ከቤት ንቅንቅ የለም። እኔ መኪናዋን ባልቴቷ ማለት ጀምሬያለሁ። እማዬ ስትሰማኝ «ባልቴቷስ እኔ ነኝ፣ ለሷ ሌላ ስም ፈልጊላት» ትላለች።

እንዴት ናት ላልከው ደህና ናት። ጉልበቷ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። ትበላለች፣ ትቆጣለች።

ምርመራውን አድርጌያለሁ። ጫፉን ይዤ ሳነሳው የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህል ከፍ አለ። የታችኛው ማጠፊያ ደህና ነው። የላይኛው ግን፣ በኔ በልብስ ሰፊዋ ቋንቋ ልንገርህና፣ የቁልፍ ቀዳዳው ሰፍቶ ቁልፉ በየእርምጃው የሚያመልጥበት ካፖርት ሆኗል። ክሪኩን፣ ጣውላውን፣ ብርድ ልብሱን እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። ብርድ ልብሱ ያንተ ነው፤ ታጥቦ ይጠብቅሃል፣ መጣሁ መጣሁ ካልክ ሦስት ዓመት ሞላህ እንጂ። ፒኑ ሦስት ቀን ሙሉ ዘይት ጠጣና ከመጠጥ ቤት አልወጣም እንዳለ ሰካራም እዚያው ቁጭ አለ። እማዬ ምቱን ከቤት ውስጥ እየሰማች «አባትሽ እንዲህ አልነበረም የሚመታው» ትለኛለች። አባዬ መዶሻ በያዘ ቁጥር ጎረቤት እንደሚሰበሰብ ረስታው ነው።

በአራተኛው ቀን ፒኑ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አትጠይቀኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። በፊት ስትደውል ፊትህን ታሳየን ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ ድምፅ ብቻ ሆነሃል። ከስተህ ነው ወይስ ጢም አሳድገህ?

ጉንዳኗ


ጥቅምት 29 ቀን

ለእህቴ፣

ፒኑ ደርሷል። ጉንዳኗ ሳልል የጀመርኩት ስለተቆጣሁ ነው።

ሠላሳ ዓመት በር ስገጥም ኖሬአለሁ፤ ያለቀ ፒን ደግሞ ይናገራል። በመከፈትና በመዘጋት ያለቀ ፒን ዙሪያውን ነው የሚያልቀው። ያንቺ ፒን ግን የተቦረቦረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሲቆም ክብደቱ በሚያርፍበት በኩል። በሩ ተከፍቶ ሳለ የሆነ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ኖሯል ማለት ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛው ደግሞ የፒኑ ራስ ላይ፣ መዶሻሽ ባልነካው በኩል፣ ስንጥቅ አለ። አሮጌ ስንጥቅ ይጠቁራል፣ ይህ ግን ገና ያበራል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ የሆነ ነው።

የአባዬን ነገር ታስታውሻለሽ? እማዬ ከመኪና ስትወርድ እጁን ሊሰጣት ሲል «ተው፣ አሮጊት ታስመስለኛለህ» ትለው ነበር። እሱም በሩን ይከፍትና ጉልበቱን ከሥሩ አስገብቶ ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ ይቆማል። እሷ የበሩን ጫፍ ይዛ ትነሳለች። የተሸከማት በሩ ይመስላት ነበር፤ የተሸከማት ግን የአባዬ ጉልበት ነው። ማጠፊያው ሃያ ስድስት ዓመት የቆየው በእሱ ነው። አባዬ ከሞተ አራት ዓመት ሆነ፤ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ሥር ማንም አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ፒኑ የተሰነጠቀ ቀን እማዬ ምን ሆነች? ትበላለች ትቆጣለች የሚለውን ተይውና እውነቱን ጻፊልኝ።

አዲሱን ፒንና ቡሽ ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 5 ቀን

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን አንብቤ የያዝኩትን ስፌት አስቀመጥኩ፣ ልኳን ልትሰጥ የመጣችውንም ደንበኛ ነገ ነይ ብዬ መለስኳት።

ነሐሴ 29 ነው። ከገበያ ተመልሰን ደጃፋችን ላይ ቆመን፣ እኔ ዕቃውን ከኋላ ሳወርድ እሷ እንደለመደችው በሩን ይዛ ልትነሳ አለች። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስዞር በሩ ተንጋዶ እሷ መሬት ላይ ነበረች። ጉልበቷ አይደለም የታመመው፤ ዳሌዋ ነው የተሰበረው። ኦፕራሲዮን ተደርጋ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። ያን ሰሞን ስትደውል «ተኝታለች»፣ «ጎረቤት ሄዳለች» ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው። አትንገሪው ብላ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል አለች። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ነቀዘ። ይቅር በለኝ፣ ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩና ፈርቼ ነበር።

አሁን በመደገፊያ ከአልጋ እስከ ወንበር ትደርሳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ነገራት፣ ጊዜው ካለፈ በወንበር ነው የምትኖሪው አላት። እሷ ግን አሁንም ስለ በሩ ነው የምታወራው። «የጣለኝ በር ነው የሚያነሳኝ» ትላለች። ሌላ በር ብትይዝ ፍርሃቱ አይለቃትም፤ ይህን ሳትነግረኝ ገብቶኛል።

የአባዬን ጉልበት ስትጽፍ ደግሞ አስለቀስከኝ። ሱሪው ሁልጊዜ የሚያልቀው በቀኝ ጉልበቱ በኩል ነበር። የምጠግንለት እኔ ነበርኩ፤ በየሦስት ወሩ እራፊ እየለጠፍኩ አንድ ቀን እንኳ ለምን ቀኙ ብቻ ብዬ አልጠየቅኩም። አንተ ከፒን ያነበብከውን እኔ ከሱሪ ማንበብ አቃተኝ።

ሁለተኛ ኃጢአቴን ልንገርህ። ፒኑ እምቢ ሲለኝ ብሎኖቹን ፈታኋቸው። ማጠፊያውን ከነፒኑ አውጥቼ ነው ጠረጴዛ ላይ የመታሁት። ብልጥ ነኝ ብዬ ከመፍታቴ በፊት ዙሪያውን ልብስ በማሰምርበት ጠመኔ አስምሬ ነበር። ታዲያ ብሎኖቹም ደርቀው ስለነበር ዘይት ረጨሁባቸው። ዘይቱ ጠመኔውን አንድ ሳያስቀር ይዞት ሄደ። አሁን ማጠፊያው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ የማውቀው ነገር የለም። ቀዳዳዎቹም ሰፋፊ ናቸው፣ በፈለግኩበት በኩል ይገባሉ። ስድስት ሳምንት ነው የቀረን፣ እኔም በሩን አበላሽቼዋለሁ።

ደግሞ የማጠፊያውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ትቼው እማዬ አየችው። «ይህ የልጄ እጅ አይደለም» አለች። የሱ ነው እንጂ የማን ይሆናል ስላት «እንግዲያው ግራው ነው» አለች። አንደኛ ክፍል እያለህ ክንድህ ተሰብሮ በግራህ የጻፍክበት ደብተር አሁንም ሳጥኗ ውስጥ አለ፤ አስወጥታኝ ከሥዕሉ ጋር አስተያየችው። መስመሩ አንድ ነው።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ቀኝ እጅህ የት ሄደ?

እህትህ


ኅዳር 13 ቀን

ለጉንዳኗ፣

እናት መሸወድ አይቻልም፤ በሃምሳ ዓመቴ ዛሬ ተማርኩት።

ሰኔ ላይ ነው። የጭነት መኪና በር ስንገጥም ክሪኩ ተንሸራተተና በሩ ቀኝ እጄ ላይ አረፈ። ሦስት ጣቶቼ ተቀጥቅጠዋል። አልተቆረጡም፣ ግን አይታጠፉም። ሐኪሙ የላስቲክ ኳስ ሰጥቶ በቀን መቶ ጊዜ ጨብጥ አለኝ። ሁለት ሳምንት ጨበጥኩና ተውኩት። ያማል፤ ከሕመሙ ይልቅ ግን አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት መዶሻ የያዘ ሰው ጥግ ይዞ ኳስ ሲጨብጥ ማየት ያስቃል። አለቃዬ አላባረረኝም፣ መጋዘን አስቀምጦኛል፤ ለሌሎች ብሎን አድላለሁ። ሦስት ዓመት ያልመጣሁት በሥራ ነው፤ ዘንድሮ ያልመጣሁት ግን እማዬ ይህን እጅ እንዳታይ ነው። እሷም ያንን ወንበር እንዳላይ ደብቃኛለች። የአንድ ቤት ልጆች መሆናችን ያስታውቃል።

ብሎኖቹን ስለፈታሽ አልቆጣሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ብቻ አልፈዋለሁ። አሁን አፍሰሻል፣ እንልቀመው።

መኪናዋ ስትገዛ አረንጓዴ እንደነበረች ታስታውሻለሽ? አባዬ ሰማያዊ እቀባታለሁ ብሎ ብሩሽ ይዞ የተነሳበትን ሳምንት ትረሺዋለሽ ብዬ አላስብም። እኔ ያኔ ሙያ ጀማሪ ነበርኩ፣ ማጠፊያዎቹ ሳይፈቱ ቀለም አይቀባም ብዬ ተከራከርኩት። እሱ «ከሥሩ ማን ያያል?» ብሎ እንደታሠሩ ቀባቸው። ስንት ዓመት በዚህ ስንፍናው ስቄበታለሁ። አሁን ሂጂና ማጠፊያው የነበረበትን ቦታ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጥረጊው። ሰማያዊው ባልደረሰበት ቦታ አረንጓዴ ታገኛለሽ፤ ቅርጹ ልክ የማጠፊያው ነው። ማጠፊያውን እዚያ አረንጓዴ ላይ አስቀምጪው፣ ጠርዝ ለጠርዝ። አባዬ አስምሮልሻል፣ በማይለቅ ጠመኔ።

ፒኑና ቡሹ በዚህ ጥቅል ውስጥ ናቸው። ቡሹን በመዶሻ አትምቺው፣ ይሰነጠቃል፤ በረጅም ብሎን ከሁለት ወገን እያጠበቅሽ ወደ ቀዳዳው ሳቢው። ግራሶ ቀቢው። በሩን መጀመሪያ ስትዘጊው አትግፊው፤ በዝግታ አምጪና በዙሪያው ካርቶን እያስገባሽ ክፍተቱ እኩል መሆኑን እዪ። ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል የሚታሠር የጣሪያ እጀታም ልኬያለሁ። እማዬ ከእንግዲህ በሩ ላይ እንዳትንጠለጠል፣ እጀታውን ይዛ ትነሳ።

ስለ እጄ ራስሽ ንገሪያት። እኔ በስልክ አልችልም።

ወንድምሽ


ኅዳር 27 ቀን

ወንድምዓለም፣

አረንጓዴው እዚያው ነበር። ጨርቁን አንዴ ሳሳልፍበት ብቅ አለ፣ ስትገዛ የምናውቀው አረንጓዴ ራሱ። ማጠፊያውን እንደ ልብስ መቁረጫ ፓተርን አስቀመጥኩበት፤ አንድ ክር እንኳ አልወጣም። ብሎኖቹን ሳጠብቅ አባዬን ጮክ ብዬ አመሰገንኩት። ጎረቤቷ በአጥር ታየኝ ነበር፣ ያበድኩ መስሏታል።

ካርቶኑ በሦስት በኩል እኩል ገባ፣ በታች በኩል ትንሽ ጠበቀ። ፈታ አድርጌ የጥፍር ያህል አነሳሁት። ከዚያ በሩን በአንድ ጣት ገፋሁት። ጭ አለና ተዘጋ። አራት ዓመት ሙሉ ከፍ አድርገን በዳሌያችን እየገፋን ስንደረግመው የኖርነው በር ማለቴ ነው። እማዬ ከቤት «ምነው ዝም አለ? አልዘጋ አለሽ?» ብላ ጮኸች። ተዘግቷል አልኳት። አላመነችኝም፤ መደገፊያዋን ይዛ እስከ መስኮቱ መጣች። ከወንበሩ አልፋ ስትራመድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ እሷም አላስተዋለችው፣ እኔም አልነገርኳትም።

በማግስቱ ወደ ሕክምናው ሄድን። ስትገባ ቀላል ነበር። እዚያ ደርሰን ስትወርድ ግን በሩን ጨበጠችና እንደተቀመጠች ቀረች። እጀታውን ያዢ አልኳት፤ ቦርሳዋን ሰቅላበታለች። ሌላ ነገር አልመጣልኝም፣ ዞሬ ጉልበቴን ከበሩ ሥር አስገባሁና ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ክብደቷ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፣ ከዚያም ተነሳች።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ደመና» አልኳት።

«አባትሽም ደመና ይወድ ነበር» አለች፣ ወደ ውስጥም ገባች።

ለካስ ታውቅ ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታውቅ ኖሯል።

የእጅህን ነገር ነግሬያታለሁ። አላለቀሰችም። «እሱ መቶ ጊዜ እስኪጨብጥ እኔ መቶ እርምጃ እሄዳለሁ፣ ቀድሞኝ ከጨረሰ ይንገረኝ» ነው ያለችው። ዛሬ አሥራ አራት ደርሳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላት «እንቁላሉን ተይውና እኔን ያዢኝ» አለችኝ። ላንተ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፍቼ ልኬልሃለሁ። ከላስቲኩ ይለሰልሳል። የተሰፋው ከአባዬ ሱሪ እራፊ ነው፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ተርፎ አገኘሁት። ሰው ፊት ለመጨበጥ ካፈርክ ኪስህ ውስጥ ጨብጠው።

ጉንዳኗ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለእማዬና ለጉንዳኗ፣

ይህችን መስመር የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ግን የግራው ነው፤ የላይኛዋ መስመር ብቻዋን ሩብ ሰዓት ፈጀችብኝ። ኳሱን ዛሬ ስልሳ ሁለት ጊዜ ጨብጬዋለሁ። የእማዬን ሰማንያ እርምጃ ሰምቻለሁ፤ ቀድማኛለች፣ አምኛለሁ። ኪሴ ውስጥ ነበር የምጨብጠው፤ ባለፈው ሳምንት አለቃዬ አይቶ ምንድነው አለኝ። የአባቴ ሱሪ ነው አልኩት። ማታ የአንድ አሮጌ መኪና ማጠፊያ አምጥቶ መጋዘን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። መካከለኛ ጣቴ ብሎኑን ሦስት ዙር አዞረች። አራተኛው ላይ ደከመች፣ እኔም አልተጫንኳትም።

እማዬ፣ ወንበሩን እንዳላይ ደብቀሽኝ ነበር፣ እኔም እጄን። ሁለታችንም በከንቱ ደከምን። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጥር 12፣ ቅዳሜ፣ የቀን አሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ቤት ድረስ በእግሬ እመጣለሁ፣ ማንም እንዳይቸገር።

ልጅሽ


ጥር 3 ቀን

ለልጄ፣

እህትህ ልጻፍልሽ ብላኝ እምቢ አልኳት። አጭር ነው፣ ዐይኔ ይደክማል።

ማክሰኞ ሐኪሙ መደገፊያውን ተቀብሎኝ ዱላ ሰጠኝ። መቶ ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ። ሦስቱ ያንተ ናቸው፣ ለሦስቱ ጣቶችህ።

በእግሬ እመጣለሁ ያልከውን ተወው። መናኸሪያ እንመጣለን። እህትህ ትነዳለች፤ እኔ ቀድሜ ወርጄ እጠብቅሃለሁ። ሻንጣህን በግራህ ያዝ። እጅህን ከኪስህ አውጣው፣ ላየው እፈልጋለሁ።

በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ። አንተ ቀኝህን በሩ ላይ ጣልና ግባ፣ አትፍራ። እኔ ደህናውን ጉልበቴን ከሥሩ አድርጌ ደመና አያለሁ።

እናትህ